ቡድሃ በምን አለሽ ተራ

የወንድሜ ልጅ አንድ ቅዳሜ ጧት ደውሎ «ጋሼ፣ እስቲ መርካቶ አብረውኝ ይውጡ» ሲለኝ ጫማ ወይም ስልክ ሊገዛ መስሎኝ ነበር። የሚፈልገው ሌላ ኖሯል። ለትምህርት ቻይና አራት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ከዲግሪው ሌላ አንድ ልማድ ይዞ መጥቷል። ጧት ጧት ሰው ሳይነሣ እግሩን አጣጥፎ፣ ትንፋሹን እያደመጠ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከተቀመጠበት ፊት ለፊት የሚያኖራት አንዲት አነስተኛ የቡድሃ ምስል አምሮታል። በስጦታ ዕቃ መደብሮች ያየው ሁሉ አልጣመውም። ኋላ አንድ ጓደኛው «ምን አለሽ ተራ ከውዳቂ ብረቱ መሐል አንድ የናስ ቡድሃ አይቻለሁ» ይለዋል።

ምን አለሽ ተራን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬው ሰው መገበያያ ይሁን ብሎ ከአራዳ ለይቶ ባቋቋመው በዚያ ሰፊ ገበያ ውስጥ፣ ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ተራ ይህ ብቻ ይመስለኛል። ከየሰፈሩ ቆራሌው በጆንያ ያጋዘው ሁሉ ማረፊያው እዚህ ነው። በርሜሉ ምድጃና ባልዲ፣ የመኪናው ጎማ ጫማ፣ የጭነት መኪናው ባሌስትራ መጥረቢያና ዶማ ሆኖ ይወጣል። የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ስለሚነሣ ሰው የሚነጋገረው በአፍና በእጅ ነው።

ቡድሃውን አገኘነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። በአንድ ወገኑ አፉ የተቆለመመ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የቧንቧ መክፈቻዎች ተከምረዋል። ሻጩ ወጣት ነው። «ይህ ማነው?» ብለው «የቻይና መልአክ ነው ፋዘር» አለኝ። ዋጋውን ስንጠይቅ ግን መልአክነቱን ረስቶ ሚዛን ላይ አወጣው፤ ናስ የሚሸጠው በኪሎ ነውና። «ዛሬ ካልወሰዳችሁት ከሰዓት በኋላ አቅላጮቹ ይመጣሉ» ሲልም ጨመረ። ይህ የገበያ ወሬ ይሁን እውነት አላውቅም፤ ልጁን ግን አስደነገጠው።

ልጁ የተቸገረው በዋጋው አልነበረም። እናቱ፣ ማለትም የሟቹ ወንድሜ ባለቤት፣ ከአንድ ቀን በፊት ቃሏን ሰጥታለች፤ «መቀመጡን እንደ ልብህ ተቀመጥ፤ ጣዖት ግን ቤቴ አይገባም።» እንዲህ ያለው ቃል ከአንዲት አማኝ እናት አፍ ሲወጣ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እዚያው ቆመን የነገርኩትን፣ ቤት ገብቼም ያሟላሁትን ነው ለአንባቢ የማቀርበው። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር የአውሮፓ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ሰው ለባሕራችን ማዶ እንጂ ለባሕራችን እንግዳ አልነበረም። በ1940 ደብረ ዳሞ ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር። ነገሩን ለዓለም ያሳወቀው ጣሊያናዊው ተመራማሪ አንቶኒዮ ሞርዲኒ ነው። ሳንቲሞቹ የአክሱም አይደሉም። ዛሬ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ የምንላቸውን አገሮች ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያስመቷቸው ናቸው። የቅርቦቹ እንኳ የሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራዎች ስለሆኑ፣ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ተመሠረተ ከሚባለው ከገዳሙ በዕድሜ ይበልጣሉ። ከነገሥታቱ አንዱ ካኒሽካ ነው። የቡድሃን ምስል በገንዘብ ላይ ቀርጾ፣ ከጎኑም በግሪክ ፊደል «ቦዶ» ብሎ ስሙን ያስጻፈ ንጉሥ እሱ ነው። ያ ዓይነቱ ሳንቲም እጅግ ብርቅ ነውና ደብረ ዳሞ የደረሰው እሱ ነው ማለቴ አይደለም። ካኒሽካ ያስመታው ወርቅ ግን አምባው ላይ ደርሷል።

በ2022 ደግሞ በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በጥንታዊቷ የቤሬኒኬ ወደብ፣ ከአንድ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ የእብነ በረድ ቡድሃ ወጣ። ዜናው የተሰማው በሚያዝያ 2023 ነው። ቁመቱ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። የገረመኝ ድንጋዩ ነው። ከህንድ የመጣ ሳይሆን ከሜዲትራንያን አካባቢ የተፈለጠ እብነ በረድ ነው፤ ቀራጮቹም እዚያው ግብፅ ሳይሠሩት አልቀሩም። ምናልባትም አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ከአገሩ ርቆ ሲኖር «እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» ብሎ አዝዞ ይሆናል። አዱሊስ በዚያው ባሕር ላይ በስተደቡብ የነበረች ወደብ ናት። ከዚህ ተነሥቶ አክሱማውያን ቡድሃን ያውቁ ነበር ማለት ድፍረት ነው፤ መርከቦቹ ግን የአንድ ጎዳና መርከቦች ነበሩ።

ምስሉ ቢቀር ታሪኩ ደረሰ። እንዴት እንደ ደረሰ ስነግረው ልጁ አላመነኝም ነበር።

የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከየመን መጥቶ ክርስትናን የተቀበለ ሊቅ ነው። ለግራኝ አሕመድ አንቀጸ አሚንን ጽፎ የላከው እሱ ነው። አገሪቱ ከዚያ ጦርነት ገና ሳታገግም፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መጻሕፍቱ የተቃጠሉበት አመድ ሳይጠረግ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ1553 አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ርእሱ በረላም ወይዋስፍ ይባላል። በኋላ እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1923 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳትሞታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በህንድ አገር ጣዖት የሚያመልክ፣ መነኮሳትን የሚያሳድድ አንድ ንጉሥ ነበረ። ልጅ ሳይወልድ ኖሮ በመጨረሻ ይዋስፍ ይወለድለታል። ከዋክብት ቆጣሪዎች ተሰብስበው ታላቅ ንጉሥ ይሆናል ሲሉ አንዱ ግን መንግሥቱ የዚህ ዓለም አይደለም ይላል። አባትየው ደንግጦ ሕፃኑን ያማረ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ይዘጋበታል። በሽታ፣ እርጅና፣ ሞት የሚባል ነገር በፊቱ እንዳይነሣ ያዝዛል። ልጁ አድጎ አባቱን ለምኖ ሲወጣ ግን በመንገድ በሽተኛ ያያል፣ ዕውር ያያል፣ የጎበጠ ሽማግሌ ያያል። «ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥቱ አላስቀምጥ ይለዋል። ይህን ጊዜ በረላም የተባለ ባሕታዊ የነጋዴ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ለበረኛውም «ዋጋ የማይገኝለት ዕንቍ ይዣለሁ፤ ዓይኑ ጤነኛ፣ ልቡ ንጹሕ ላልሆነ ግን አላሳይም» ብሎ ይገባል። ዕንቍው ትምህርቱ ነው። ይዋስፍ ይጠመቃል፤ ኋላም ዘውዱን ትቶ በረሃ ይገባል።

የቡድሃን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የሻክያ ነገድ መስፍን ልጅ ሲዳርታ፣ የአባቱ ስጋት፣ የተዘጋው ቤት፣ ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ሬሳው፣ መነኩሴው፣ በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ መውጣቱ፣ ሁሉም አለ። ስሙም ቢሆን እሱው ነው። ከመገለጡ በፊት ቡድሃ «ቦዲሳትቫ» ይባላል። ቃሉ በፋርስ በኩል አልፎ ዐረብኛ ሲደርስ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዐረብኛ «ባ» ከሥሯ አንድ ነጥብ፣ «ያ» ደግሞ ሁለት ነጥብ ናት። አንድ ነጥብ ያበዛ ጸሐፊ «ዩዳሳፍ» አደረገው። ከዚያ ጆርጂያውያን ተቀብለው ክርስቲያን አደረጉት፤ በ1000 ዓመት አካባቢ በአቶስ ተራራ ወደ ግሪክ ሲመለስ «ዮአሳፍ» ተባለ፤ በግእዝ ይዋስፍ። ጉዞው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ወስዷል። ሮማውያን ሁለቱንም በቅዱሳን መዝገብ አስገብተው ሲያስቧቸው ኖረዋል። ነገሩን የአውሮፓ ሊቃውንት በግልጽ የጻፉት ገና በ1859 እና በ1860 ነው።

አሁን ወደ ምጸቱ ልምጣ። በክርስቲያኑ መጽሐፍ ይዋስፍ ከአባቱ የመንግሥት እኩሌታ ሲሰጠው የመጀመሪያ ሥራው የጣዖት ቤቶችን ማፍረስ ነው። እንግዲህ በመጽሐፍ የደረሰን ቡድሃ ምስል ሰባሪ ነው፤ በሚዛን ላይ የተቀመጠው ቡድሃ ደግሞ ራሱ ምስል ነው። ሻጩ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ኖሮ «ታዲያ ቅዱስ ነው ጣዖት?» አለኝ። በኪሎ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

ደግሞም ቡድሂስቶቹ ራሳቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ምስሉን አልሠሩም። በህንድ በሳንቺና በባርሁት ያሉት ጥንታዊ ቅርጾች እሱ ሊታይ በሚገባበት ቦታ የእግር ዱካ፣ መንኰራኵር፣ ዛፍ ወይም ባዶ ዙፋን ያሳያሉ። ሰው መሳዩ ምስል የተለመደው በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ በጋንዳራና በማቱራ፣ በዚያው በኩሻኖች አገር ነው። የጋንዳራዎቹ የግሪክ ቀራጮችን ፈለግ ተከትለው ስለሠሩ ልብሱ እንደ ሮማ ሽማግሌ ኩታ ተሸብሽቦ ይወርዳል። የተንጠለጠለው የጆሮ ጫፍ መስፍን ሳለ ያደርገው የነበረውን ከባድ የወርቅ ጉትቻ ያስታውሳል፤ ጉትቻው ተጥሏል፣ ጆሮው ግን እንደ ረዘመ ቀርቷል ይላሉ።

ለመምረጥ እጁን ማየት ነው። ቀኝ እጁ በጉልበቱ ላይ ወርዶ ጣቱ መሬት ከነካ፣ በቦድ ጋያ ከዛፉ ሥር ፈታኙን ድል ሲያደርግ ምድርን ምስክር የጠራበት ሰዓት ነው። መዳፉ ወደ ውጭ ከተነሣ «አትፍራ» ማለት ነው። ሁለቱም እጆች በጭኑ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ካረፉ ተመስጦ ነው። ለወንድሜ ልጅ የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው ነበር፤ ሚዛን ላይ ያለውም እሱው ሆኖ ተገኘ። በየስጦታ ዕቃ መደብሩ ያለው ሆዱን ገልጦ የሚስቀው ወፍራም ሰውዬ ግን ቡድሃ አይደለም። ቡዳይ የሚሉት፣ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ቻይና ውስጥ ከረጢት ተሸክሞ ይዞር ነበር የሚባል መነኩሴ ነው። ሀብት ይሰጣል ብሎ ሆዱን ለሚዳስስ ይሁንለት፤ ለአርምሞ ግን ሳቁ ይበዛል።

አንገቱ ላይ የተቆረጠ ራስም ለጌጥ ሲሸጥ ይታያል። ብዙ የእስያ ቡድሂስቶች ይህን አይወዱትም፤ ምክንያቱም ይገባናል። የአንኮር ሐውልቶች ራሳቸው እየተቆረጠ በየገበያው ተበትኗል። ታይላንድ ዛሬ የቡድሃ ምስል ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ትከለክላለች። ከመቅደላ በ1868 ኵርዓተ ርእሱ የተወሰደብን፣ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ በ2001 ከቤልጅግ ነጋዴ እጅ የተመለሰልን ሰዎች፣ ከየት መጣ ብለን ሳንጠይቅ የሰው ንዋየ ቅድሳት ብንገዛ ያሳፍራል። ስለዚህ ሻጩን ጠየቅሁት። አንድ ፈረንጅ ቤት ለቅቆ ሲሄድ ከማድቤት ዕቃ ጋር ተሽጦ ነው የመጣው አለ። ሥሩን ገልብጬ ሳየው የቀረጻው ስፌት ገና ይታያል፤ ለቱሪስት በብዛት ከሚቀልጡት አንዱ ነው። ይህም አሳረፈኝ። ከቲቤት የሚመጡት ግን ሌላ ናቸው። ውስጣቸው በጸሎት የተጻፈበት ጥቅል ብራና ወይም ወረቀት ተሞልቶ ሥራቸው በመዳብ ክዳን ይታሸጋል። የእኛ ሰው ክታብ እንደማይፈታ ሁሉ ያም አይከፈትም። የእኛው ውስጡ ባዶ ነበር።

እናትየው «ጣዖት» ያለችውን ቃል ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አልችልም። በምስል መጣላት ለእኛ አገር ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን ሥዕል ክብር ከፍ አድርጎ በመላ አገሩ ሲያውጅ፣ በዘመኑ እንደ ፍሬ ጽዮን ያሉ ታላላቅ ሠዓሊዎች ተነሥተዋል። በዚያው ዘመን ግን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለሥዕሏና ለመስቀሉ መስገድን አንቀበልም አሉ። ተገረፉ፤ ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ ብለው በ1996 ዓ.ም. ያወጡትን መጽሐፍ ያነበበ ነገሩ ምን ያህል ደም እንዳስከፈለ ያውቃል። የሚገርመው፣ የእነዚያው መነኮሳት ገዳም ጉንዳ ጉንዶ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በአገሪቱ ካሉት እጅግ የተዋቡ ሥዕላት ያሏቸው የብራና መጻሕፍት የሚወጡበት ቦታ ሆነ። ስለዚህ ሴትየዋ የምትለው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገሯ አምስት መቶ ዓመት ሲያከራክር የቆየ ነገር ነው። ቡድሂስቱም በበኩሉ አምላክ ነው ብሎ እንደማይሰግድለት፣ መምህር ነው ብሎ እንደሚያከብረው ይነግረናል፤ በተግባር ግን ከየመንደሩ ሰው ስንቱ ልዩነቱን ይጠብቃል ቢባል መልሱ እንደ እኛው መንደር ነው።

ገንዘቡን ከፈልን። ከከፈልን በኋላ ነው ለልጁ የባንኮኩን ታሪክ የነገርኩት። በ1955 በትራይሚት ገዳም በልስን የተለበጠ አንድ ትልቅ ቡድሃ ሲያዛውሩት ገመዱ ተበጥሶ ወደቀና ልስኑ ተሰነጠቀ። ውስጡ ወርቅ ሆኖ ተገኘ፤ አምስት ቶን ተኩል የሚመዝን። ይህን ሻጩ ፊት ብናገር ኖሮ ዋጋው ይጨምር ነበር።

አያያዙን በተመለከተ ልጁ የተማረውና እኔ በየቤታችን ያየሁት ብዙም አልተራራቀም። ምስሉ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ሰው ተቀምጦ ሳለ ከዓይኑ ከፍ ይላል። እግር አይዘረጋበትም፤ በብዙ የእስያ አገሮች ትልቅ ነውር ነው። ልብስና ኮተት አይደረደርበትም። ውሃ፣ አበባ፣ መብራት የሚያቀርቡ አሉ። ውሃው እሱ እንዲጠጣ ሳይሆን ሰጪው መስጠትን እንዲለምድ ነው ይላሉ፤ አበባውም ነገ ሲጠወልግ እንዲታይ ነው። በስሪላንካ ሠዓሊው የሐውልቱን ዓይን የሚስለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ፊት ለፊት ሳያይ በመስተዋት እየተመለከተ። እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ወይም ናስ ነው። የእኛም ሥዕል በሜሮን ከመክበሩ በፊት ቀለምና ሰሌዳ እንደሆነ ካህናቱ ይነግሩናል።

ናሱን ስለማጽዳት አንድ ነገር ልበል፤ ልጁ ወዲያው ሎሚና አመድ ሊያነሣ ነበርና። የምን አለሽ ተራ ልጆችም «በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እንደ ወርቅ እናብራልህ» ብለውታል። ይህ ጥፋት ነው። ሎሚው አሲድ ስለሆነ የናሱን ገጽ ይበላል፤ አመዱና ወረቀቱ ቀጫጭን መስመሮቹን፣ በተለይ የዓይኑን ሽፋንና የከንፈሩን ጠርዝ፣ ይፍቃቸዋል። በዕድሜ የመጣው ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ ናሱን ይጠብቀዋል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ለስርጉዱ ደግሞ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ካስፈለገ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አብሶ ወዲያው ማድረቅ ነው። አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየበት ግን እርጥበት ይዞታልና ቦታ ይለወጥለት። የጧፍና የዕጣን ጢስ ሲደጋገም ጥቀርሻው ይጣበቃል፤ የየቤተ ክርስቲያናችን የግድግዳ ሥዕሎች ምስክር ናቸው።

ቤት ስንደርስ እናቱ ሳሎን ነበረች። ከራሷ በላይ ምስለ ፍቁር ወልዳ ተሰቅሏል፤ መጋረጃው ለጸሎት ሰዓት ካልሆነ አይገለጥም። ልጁ ዕቃውን በጋዜጣ እንደ ጠቀለለ ቆመ። እኔ ተቀምጬ የይዋስፍን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ታሪክ ትወዳለችና ሳታቋርጥ ሰማችኝ፤ ነጋዴ መስሎ የመጣው ባሕታዊ ጋ ስደርስ «ብልህ ነው» አለች። ስጨርስ «ቅዱስ ከሆነ ቀኑ መቼ ነው?» አለችኝ።

«በሮማውያን መዝገብ ቀድሞ ኅዳር 18 ይታሰብ ነበር» አልኳት።

«እሱ ቀን የሐዋርያው ፊልጶስ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የተደረሰው ስምምነት ይህ ነው፦ ሳሎን አይገባም፤ በልጁ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ይዘጋል፤ ዕጣን አይጨስለትም። ልጁ በሦስቱ ወዲያው፣ በአራተኛው ትንሽ አስቦ ተስማማ።

በወሩ ልጠይቃቸው ስሄድ ክፍሉ ገባሁ። ቡድሃው በመደርደሪያው ላይ ነው፤ ሎሚም አልነካውም። ከፊቱ ግን ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ፣ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ ነጭ ጨርቅ በሁለት ምስማር ተወጥሯል። ልጁን በዓይኔ ጠየቅሁት፤ በአገጩ ወደ ሳሎን አመለከተኝ። እሷ ቡና ስትቀዳ ምንም አላልኳትም። ስኒውን እየሰጠችኝ ራሷ «አቧራ እንዳይገባበት ነው» አለችኝ።